ቀና ሳይሆን ጎንበስ፦ ደረቅ የኦክ ጫካ በምን ይለያል?

ኦክቶበር ሲጋመስ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ካሉት ከአሌክሳንድሪያም ከሲልቨር ስፕሪንግም የሐበሻ መኪና ወደ ምዕራብ ይነዳል። መድረሻው ስካይላይን ድራይቭ ነው፤ በቨርጂንያ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን የተራራ ጀርባ ይዞ 105 ማይል የሚዘልቀው መንገድ። የሚኬደው ቅጠል ለማየት ነው። መመልከቻው ጋ ይቆማል፣ ቡናው ከፔርሙዝ ይቀዳል፣ ልጆቹ ይሰለፉና ፎቶ ይነሣሉ። ከኋላቸው ያለው ቀይና ቡናማ ተዳፋት በአብዛኛው ኦክ ነው። «እንዴት ያለ ጫካ ነው!» ብለን እንመለሳለን፤ አንድ ጫካ ያየን መስሎን።

አንድ አይደለም። የዕፅዋት ባለሙያ ያንኑ ተዳፋት ሲያይ በርከት ያለ ዓይነት ደረቅ የኦክ ጫካ ይለያል። እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የገባኝም ቀና ብዬ ዛፍ ሳይ ሳይሆን ጎንበስ ብዬ መሬት መሬቱን ማየት ስጀምር ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንጨርስ። ኦክ በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ ስለማይበቅል አማርኛችን ከሕዝብ አፍ የወጣ ስም የለውም። መጽሐፍ ቅዱሳችን አብርሃም ድንኳኑን የተከለበትን ቦታ «የመምሬ የአድባር ዛፍ» ይለዋል፤ የዕብራይስጡ ቃል ግን ብዙ ጊዜ ኦክ ተብሎ የሚተረጎም ነው። ተርጓሚዎቹ ማንም የማያውቀውን ስም ከመደንቀር ሰው ከሥሩ የሚሰበሰብበትን ትልቅ ዛፍ መምረጣቸው ደስ ይለኛል። ለዛሬው ጉዳይ ግን አድባር አይሆነንም፤ ኦክ እንበለው።

ኦክ ራሱ ብዙ ነው፤ በዓለም ላይ ከ400 በላይ ዝርያ አለው። በምሥራቅ አሜሪካ ያሉት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የነጭ ኦክ ወገን የቅጠሉ ጫፍ ድቡልቡል ነው፣ ፍሬውም በዓመቱ ይበስላል። የቀይ ኦክ ወገን ደግሞ ከቅጠሉ ጫፍ ላይ ፀጉር የመሰለ ሹል ነገር ይወጣል፣ ፍሬው ለመብሰል ሁለት ዓመት ይፈጃል። በደረቁ ተራራ ጫፍ ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቼስትነት ኦክ የሚባለው ነው። ወገኑ ከነጮቹ ነው፤ ቅጠሉ ዳር ዳሩ እንደ ሞገድ ያለ፣ ቅርፊቱ እንደ አዞ ጀርባ በጥልቅ የተሰነጣጠቀ። በድሮ ጊዜ ይህ ቅርፊት ለቆዳ ማልፊያ በብዛት ይላጥ ነበር።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቼስትነት ኦክ ካየሁ የቼስትነት ኦክ ጫካ ነው፣ ነጭ ኦክ ካየሁ የነጭ ኦክ ጫካ ነው» ብሎ ያስባል። ቼስትነት ኦክ ግን ባሕርዩ ቻይ ነው፤ ዕፅዋታቸው እርስ በርስ በማይገናኝ ሁለት መሬት ላይ እኩል ይቆማል። ዛፉ አንድ፣ ጫካው ሁለት። ልዩነቱ ያለው ከጉልበት በታች ነው።

«ደረቅ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ሸናንዶዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ያውም እንደ እኛ አገር ክረምት ጠብቆ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ። ታዲያ ድርቀቱ ከየት መጣ? ከዕቃው ነው። አፈር የዝናብ ዕቃ ነው፤ ጥልቅ አፈር እንስራ ሲሆን፣ ድንጋይ የበዛበት ስስ የተራራ አፈር ወንፊት ነው። ቁልቁለቱ ተጨምሮበት የዘነበው ወዲያው ወርዶ ያልቃል። የተዳፋቱ አቅጣጫም አለ። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የዞረ ተዳፋት የከሰዓቱን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ወደ ሰሜን የዞረው ጥላ ይበዛለታል። ፀሐይ ከአናት በላይ ከምትቆምበት አገር ለመጣ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እዚህ ግን አንድ ኮረብታ በሁለት ጎኑ ሁለት ዓይነት ጫካ ይለብሳል።

እንግዲህ ባለሙያዎቹ በሐሳባቸው ሁለት መስመር ያሰምራሉ። አንደኛው የውኃ ነው፤ ከእርጥብ ሸለቆ እስከ ደረቅ ሸንተረር። ሁለተኛው የምግብ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየም ምን ያህል አለ? ደረቅ የኦክ ጫካዎች ሁሉ በውኃው መስመር ላይ ደረቁ ጫፍ ተሰብስበዋል። እርስ በርስ የሚለያያቸው የምግቡ መስመር ነው። ምግቡን የሚወስነው ደግሞ አፈሩ ከምን ድንጋይ ተፈጭቶ እንደወጣ ነው።

ወደ ቦታው እንውረድ። በፓርኩ ደቡባዊ ክፍል ሪፕራፕ የሚባል የእግር መንገድ አለ፤ ካልቨሪ ሮክስ የተባሉትን ነጣ ያሉ ገደሎች አልፎ ይሄዳል። ድንጋዩ ኳርትዛይት ነው፤ በጥንት ጊዜ የባሕር ዳር አሸዋ የነበረ፣ ተጭኖና ተጋግሮ የደነደነ። አሸዋው የተሠራበት ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ለተክል የሚሰጠው ምግብ የለውም። እዚህ ስትራመዱ ከእግራችሁ ሥር ወፍራም የደረቀ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ያምናውም የካቻምናውም ገና አልበሰበሰም። ከላይ ቼስትነት ኦክና ስካርሌት ኦክ አሉ። ከሥር ደግሞ ከወገብ እስከ ራስ የሚደርስ፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ የሆነ፣ ቅጠሉ ቆዳ የመሰለ ቁጥቋጦ መንገዱን ይዘጋል፤ ማውንቴን ሎረል ይባላል። ከእሱ ዝቅ ሲል እስከ ጉልበት የሚደርስ የዱር ብሉቤሪ። ከዚያም መሬት ላይ የተኛች ጥቂት ወፍራም ቅጠል ያላት ትንሽ ተክል ትገኛለች፤ አንዱን ቅጠል በጣታችሁ ስትጨፈልቁት ለጡንቻ ሕመም የሚታሽ ቅባት ይሸታል። ዊንተርግሪን ይሏታል፤ የቅባቱም ሽታ በስሟ ይጠራል። ከእነዚህ ሌላ ሣር የለም ማለት ይቻላል፤ አበባም እምብዛም።

ሎረሉ፣ ብሉቤሪው፣ ዊንተርግሪኗ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ሂዝ የሚባለው ቤተሰብ። እኛም እናውቀዋለን፦ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ከፍታ ላይ የሚበቅለው አስታ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ልዩ ሙያ አለው። ሥሩ ላይ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ተሻርኮ፣ ሌላው ተክል ሊበላው ከማይችል ያልበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ናይትሮጅን ያወጣል። ስለዚህ ደሃ መሬት ለሌላው ቅጣት፣ ለእሱ ግን ርስት ነው። ይህን ጫካ «ኦክ–ሂዝ» ይሉታል።

አፈሩ አሲዳማ ነው። ፒኤች በሚባለው መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ5 በታች ይወርዳል፤ ይህ መለኪያ ደግሞ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ የሚጨምርበት ነው። አሲዱ ሲበረታ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥር ይመርዛል። በጎጃምና በወለጋ ማሳ ላይ ኖራ የሚበተነው ይህንኑ ለመግታት ነው፤ ችግሩ አንድ ነው፣ እዚያ የሚጎዳው ስንዴና ገብስ መሆኑ እንጂ። ኦኩም በበኩሉ ነገሩን ያባብሳል። ቅጠሉ ታኒን ይበዛበታል፤ ወፍራም ሻይ ስንጠጣ አፋችንን የሚያደርቀው ያው ነገር ማለት ነው። ታኒን የበዛበት ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ ያልበሰበሰ ቅጠል ምግብ አይመልስም፣ አፈሩም እንደደኸየ ይቀራል።

አሁን ከዚያ ወደ ሰሜን ነድታችሁ ኮምፕተን ፒክ የሚባለው ጋ ውጡ። እዚያ ድንጋዩ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ አንዱ ጎን ላይ ባለ ብዙ ማዕዘን ምሰሶዎች ተደርድረው ይታያሉ፣ ሰው ጠርቦ ያቆማቸው የሚመስሉ። ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ ልቡ ይመታል፤ ባዛልት ነው። የእኛን ደጋ የሠራው ላቫ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ የዚህኛው ዕድሜ ወደ 570 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ከመሬት በታች ተቀብሮ በሙቀትና በጫና ስለተለወጠ አረንጓዴ ሆኗል እንጂ ዘሩ ያው ነው። ባዛልት ሲፈራርስ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ብረት ይሰጣል።

በዚህ ድንጋይ ላይ ያለው ተዳፋት እንደዚያኛው ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ቁልቁለት ነው፣ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ኦክም አለበት፤ ቼስትነት ኦክ ጭምር። ግን ጎንበስ ስትሉ ሎረሉ የለም፣ ወይም እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ከኦኩ ጋር ሂከሪ የሚባለው የለውዝ ዓይነት ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ይቆማል፣ አሽ የሚባለውም ዛፍ ይቆማል። ከሥራቸው ዶግዉድ የሚባል ትንሽ ዛፍ፣ እንዲሁም በጸደይ ቅጠል ሳያወጣ ባዶ ቅርንጫፉን በሐምራዊ አበባ የሚሞላው ሬድበድ። መሬቱ ላይ ሣርና ቅጠላ ቅጠል፣ ከባቄላና ከአተር ወገን የሆኑ ተክሎችም ይበዛሉ፤ ዘራቸው ሱሪ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ የሚመጣው ዓይነት። በዝርያ ብዛት ኦክ–ሂዙን በእጅጉ ይበልጣል። ቨርጂንያ ይህን በምግብ የበለጸገ «ኦክ–ሂከሪ» ጫካ ብላ ትለየዋለች። ከእሷ በስተሰሜን ያለችው ፔንሲልቬንያም በራሷ ምደባ «ደረቅ ኦክ–ሂዝ»ን ከ«ደረቅ ኦክ–ቅይጥ ሃርድዉድ» ትለያለች፤ ሃርድዉድ ማለት ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ ነው። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ስም ውስጥ ኦክ አለ። ወሬውን የሚነግረን ሁለተኛው ቃል ነው።

ከተራራው በስተምዕራብ ሸለቆው ውስጥ የኖራ ድንጋይ አለ። አብዛኛው ታርሷል፤ ገበሬ የትም አገር ይሁን ጥሩ አፈር ያውቃል። ገደልና ኮረብታ ላይ የተረፈው ደረቅ ጫካ ግን ሁለት የአገር ዘመድ ያሳየናል። አንዱ ምሥራቃዊ ሬድሲዳር የሚባለው ነው፤ ስሙ ሲዳር ይሁን እንጂ የሐበሻ ጽድ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ሽታውም ይመሰክራል። ሌላው ሃክቤሪ፣ የቀውት ዘመድ። ከእነሱ ጋር ቺንካፒን ኦክ ከቆመ ከሥሩ ኖራ አለ ብላችሁ ብትወራረዱ ብዙ ጊዜ ትበላላችሁ። ጽዱን ብቻ አይታችሁ ግን አትወራረዱ፤ ይህ ዛፍ የተተወ ማሳ ካገኘ የትኛውም አፈር ላይ ይበቅላል። አንድ ተክል ብቻውን ምስክር አይሆንም። ሦስት አራት ሆነው አንድ ቃል ሲናገሩ ነው የሚታመኑት።

እስካሁን ያልኩት «አሲድ ሲበዛ ድህነት፣ ሲቀንስ ብልጽግና» ይመስላል። ይህን ሕግ የሚያፈርሱ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ እኔ ከሁሉ የምወዳቸውም እነሱን ነው።

የመጀመሪያው ከባልቲሞር አቅራቢያ ያለው ሶልጀርስ ዲላይት ነው። ድንጋዩ ሰርፐንታይን ይባላል። አፈሩ ያን ያህል አሲዳማ አይደለም፤ ግን ማግኒዥየም ተትረፍርፎ ካልሲየም ጠፍቷል፣ በዚያ ላይ ኒኬልና ክሮሚየም አለበት። በ19ኛው መቶ ዘመን ክሮም እዚያ ይቆፈር ነበር። በዚህ መሬት ላይ የሚችሉት ሁለት ኦኮች ናቸው፦ ብላክጃክ ኦክና ፖስት ኦክ። ፖስት ኦክን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ቅጠሉ መስቀል ነው። ዛፎቹ አጫጭር፣ ጠማማ፣ እርስ በርስ የተራራቁ ናቸው፤ በመካከላቸው ሣር አለ። ከሩቅ ያየው ሰው ቆላ ያለ የግራር ሜዳ ያስታውሰዋል።

ሁለተኛው ወደ ደቡብ ነው፤ በቨርጂንያና በሰሜን ካሮላይና ከተራራው ግርጌ ያለው ዝቅተኛ አገር። አንዳንዱ ቦታ ከሥሩ ጥቁር እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ አለ፤ ምግብ ሞልቶታል። ከእሱ የወጣው አፈር ግን ሸክላ ነው፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚጨማደድ። ዋልካ ያረሰ ሰው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይረዳዋል። በብርዱ ወራት ውኃ ያቁራል፤ በሙቀቱ ወራት ጡብ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል። ዛፉ ምግብ ላይ ተቀምጦ ይራባል፣ ዝናብ እየዘነበ ይጠማል። እዚህም ብላክጃክና ፖስት ኦክ ይነግሣሉ። የሰሜን ካሮላይና ምደባ ይህን ራሱን ችሎ የደረቅ ሃርድፓን ጫካ ብሎ ሰይሞታል፤ ሃርድፓን ማለት ውኃና ሥር በቀላሉ የማያሳልፍ ደንዳና የአፈር ንጣፍ ነው። ሁለት የማይገናኙ ድንጋዮች፣ አንድ ዓይነት ኦክ። አሁንም የሚለያቸው ከሥራቸው ያለው ሣርና ቅጠል ነው።

ምደባው በተግባር እንዴት ይሠራል? ቨርጂንያ ውስጥ ባለሙያው ጫካ ውስጥ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ በሜትር ይለካል። በዚያ ካሬ ውስጥ ያለውን ተክል ሁሉ ይመዘግባል፤ ዛፉን፣ ችግኙን፣ ሣሩን። እያንዳንዱ መሬቱን ምን ያህል እንደሸፈነ ይገምታል። ግንድ የሚለካው በደረት ቁመት ነው፤ በአሜሪካ ልማድ 1.37 ሜትር ላይ። ከረገፈው ቅጠል ሥር አፈር ይወሰድና ላቦራቶሪ ይሄዳል። በነገራችን ላይ ይህን ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ እንዳትሞክሩት። መቶና ሺህ እንዲህ ዓይነት ካሬ ከተሰበሰበ በኋላ ኮምፒውተር የሚመሳሰሉትን ያሰባስባል። እዚህ ላይ የአፈሩ ውጤት ዳኛ ይሆናል፤ በተክል የተለየው ቡድን በካልሲየሙም ከተለየ ምደባው ቁም ነገር አለው ማለት ነው።

ከዚያ ስም ይወጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅዋት ምደባ ስምንት እርከን አለው፤ ከላይኛው «ጫካ ነው ወይስ ሣር» ከሚለው ጀምሮ እየጠበበ ይወርዳል። የታችኛው እርከን ስም ረጅምና አስፈሪ ነው፦ «ቼስትነት ኦክ – (ስካርሌት ኦክ፣ ኖርዘርን ሬድ ኦክ) / ማውንቴን ሎረል / ሂልሳይድ ብሉቤሪ ጫካ»። አነባበቡን ካወቁት ግን እንደ አድራሻ ነው። ሰረዝ የሚያገናኘው አንድ ፎቅ ላይ ያሉትን ነው። ዘንባላው መስመር ወደ ታችኛው ፎቅ ያወርዳል፤ ከዛፍ ወደ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦ ወደ መሬት። በቅንፍ ውስጥ ያሉት አንዳንዴ የሚገኙ አንዳንዴ የሚጠፉ ናቸው። ስሙን አንብባችሁ ቦታውን ሳታዩ ጫካውን መሣል ትችላላችሁ፤ እኔ እንዲያውም ቅዳሜ የት እንደምሄድ በዚህ እየመረጥኩ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ዓይነቶቹ በእርግጥ አሉ ወይስ እኛ ነን የፈጠርናቸው? ጠቡ አንድ ክፍለ ዘመን ያለፈው ነው። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ክሌመንትስ የዕፅዋት ማኅበር እንደ አንድ አካል ነው፣ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይበስላል ይል ነበር። የሙያ ባልደረባው ሄንሪ ግሊሰን በ1926 በጻፈው የለም አለ፤ እያንዳንዱ ዝርያ ለራሱ የሚስማማውን ፈልጎ ይቆማል፣ አብረው መታየታቸው ግጥምጥም ነው። ኋላ የመጣው ተመራማሪ ሮበርት ዊታከር በግሬት ስሞኪ ተራሮች ከግርጌ እስከ ጫፍ ለክቶ በ1956 ያወጣው ሥራ ለግሊሰን አደላ፤ ዝርያዎቹ በአንድ መስመር ላይ ተሰብስበው አይጀምሩም፣ ተሰብስበውም አያልቁም፣ አንዱ ሲሳሳ ሌላው ይወፍራል። ለእኛ ይህ አይከብደንም። ወይና ደጋ የት ያልቃል? የትኛው አጥር ጋ ነው ደጋ የሚጀምረው? ማንም ጣቱን አይቀስርም፤ ግን ጤፍና ገብሱን የሚዘራ ሰው ያለ እነዚህ ቃላት አይሠራም። የኦክ ጫካውም እንዲሁ ነው። ድንጋዩ በድንገት ሲለወጥ ድንበሩ በእርምጃ ይታያል፤ ድንጋዩ አንድ ሆኖ እርጥበቱ ብቻ ቀስ እያለ ሲለወጥ ግን ድንበር የሚያሰምረው ሰው ነው።

ምደባው የዛሬን ፎቶ የሚያነሣ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ኦክ ብርሃን ይፈልጋል፤ ከቀድሞ ጀምሮ በየጊዜው የሚለቀቀው እሳት ተቀናቃኙን እያቃጠለ፣ እሱን ወፍራም ቅርፊቱ እያዳነው ኖሯል። በ20ኛው መቶ ዘመን እሳት ሁሉ ይጥፋ ተባለ። አሁን ብዙ ቦታ ከኦኩ ሥር የሚያድገው ችግኝ ኦክ አይደለም፤ ጥላ የማይፈራው ቀይ ሜፕል ነው። አሽንም ከእስያ የመጣ ጥንዚዛ እየጨረሰው ነው፤ በስሙ የተጠራው ጫካ ስሙን ብቻ ይዞ ሊቀር ነው።

ከዚህ በፊትም ሆኗል። እነዚህ ተራሮች በድሮ ምደባ የኦክ–ቼስትነት ጫካ ይባሉ ነበር። የአሜሪካ ቼስትነት ከገዘፉት ዛፎች አንዱ ነበር። በ1904 ኒው ዮርክ ላይ ከእስያ የመጣ የፈንገስ በሽታ ታየበት፤ በ50 ዓመት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ዛፍ አለቀ። «ቼስትነት» የሚለው ቃል ከጫካው ስም ወጣ፤ የቀረው ቼስትነት ኦክ ነው፣ እሱም ቅጠሉ ስለተመሳሰለ ብቻ ስሙን የወረሰ ሌላ ዛፍ። ፈንገሱ ግን ሥሩን አይገድልም። በእነዚያ ደሃ የኦክ–ሂዝ ሸንተረሮች ላይ ከሎረሉ መካከል ቀጠን ያለ፣ ረጅምና ጥርሳማ ቅጠል ያለው ቡቃያ አሁንም ይወጣል፤ ጥቂት ሜትር ያድጋል፣ በሽታው ያገኘዋል፣ ይደርቃል፣ ከሥሩ እንደገና ይወጣል። ካሬውን የሚለካው ባለሙያ ቅጹ ላይ ሲሞላው ከዛፎቹ ረድፍ አያስገባውም። ከቁጥቋጦዎቹ ጋር ነው የሚጽፈው።